የባሕር ትሎችና የድሬዳዋ ድንጋይ

ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ በ1902 መጨረሻ ከሥፍራው ሲደርስ ከተማዪቱ ተቆረቆረች። የሐዲዱ ሥራ በተጀመረበት በዚያው ዓመት ኤንሪ ኩቲየር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በጅቡቲ ዳርቻ የባሕር እንስሳትን ይሰበስብ ነበር። ከስብስቡ መካከል ጠጉራሞቹን ትሎች ሻርል ግራቪየ መርምሮ ከ1900 ጀምሮ በፓሪስ በተከታታይ አሳተመ፤ በ1904ም ራሱ ወደ ጅቡቲ ዘልቆ የባሕሩን ሕይወት አጠና።

ፖሊኪት የሚባሉት እነዚህ ትሎች የምድር ትል ዘመዶች ናቸው። ሰውነታቸው በቀለበት የተከፋፈለ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ከየቀለበቱ ግራና ቀኝ ጠንካራ ጠጉር ያለው መንቀሳቀሻ ይወጣል። እስከ ዛሬ የተመዘገቡት ዝርያዎች ከ10,000 ይበልጣሉ። ከፊሎቹ እያደኑ፣ ከፊሎቹ ጭቃ እየዋጡ ሲኖሩ፣ ሌሎቹ ቤት ሠርተው ይቀመጣሉ።

የመሐንዲስን ዓይን የሚስቡት ቤት ሠሪዎቹ ናቸው። ሰርፑሊድ የተባለው ወገን ከባሕር ውኃ ባገኘው ካልሲየም የኖራ ቱቦ ይሠራል፤ እንደ ላባ የተዘረጋውን አካሉን ከቱቦው አፍ አውጥቶ ይተነፍሳል፣ ምግቡንም ያጠልላል። ሳቤላሪድ የተባለው ደግሞ የአሸዋ ቅንጣቶችን በገዛ ሰውነቱ ሙጫ ያያይዛል፤ ሙጫውም በውኃ ውስጥ ሳለ ይጠነክራል። የኖራው ቱቦ በመርከብ ሆድ ላይ ሲበዛ ነዳጅ ያባክናል፤ የባሕር ውኃ የሚስቡ ቧንቧዎችንም ያጠባል። በአንጻሩ የአሸዋው ሙጫ እርጥብ አካልን ለሚጠግኑ ማጣበቂያዎች ፈጠራ መነሻ ሆኗል። ስለዚህ ትሉ ለሙያችን ባላጋራም መምህርም ነው።

ነገሩ በወደብ ብቻ አይወሰንም። በጁራሲክ ዘመን ዛሬ ድሬዳዋ ያለችበት ምድር በባሕር ተሸፍኖ ነበር፤ የአካባቢው የኖራ ድንጋይም የዚያ ባሕር ዝቃጭና የእንስሳቱ ቅሪት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የከተማዪቱ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይህንኑ ድንጋይ ፈጭቶ አቃጥሏል። ለስላሳው የትል ገላ በስብሶ ሲጠፋ፣ የኖራ ቱቦው ግን በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ ድንጋይ የሚያስፈነዳ መሐንዲስ የመጨረሻው አንባቢ መሆኑን ይወቅ። ቅሪተ አካል የታየበትን ድንጋይ፣ የተገኘበትን ሥፍራና ንብርብር መዝግቦ ለሥነ ምድር ባለሙያ ማስረከብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ወፍጮ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም።