በወረቀት ላይ ካፋ የደረሰው ባቡር

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ያፈላችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። መስመሩ በሦስት ተከፍሏል፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ካፋ ደርሶ እስከ ነጭ ዓባይ። አዎ፣ ካፋ! የኛው ካፋ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ታዲያ ለምን ቀረብን?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ ዓመቱ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። በ1886 ካፋ ገና በምኒልክ እጅ አልነበረችም። የራሷ ንጉሥ ነበራት፤ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ። ዙሪያዋን በቦይና በኬላ የታጠረች፣ በሰሜን በኩል ጎጀብ ወንዝ የሚጠብቃት አገር ነበረች። ነጋዴ እንኳ በኬላው ሲገባ ተጠይቆ፣ ተፈትሾ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ ባቡሩ በወረቀት ላይ ያንን ኬላ አልፎ ሲገባ ማንም የጠየቀው የለም። ቦንጋና አንድራቻ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በአገራቸው ሐዲድ ሊያልፍ መታሰቡን የሚነግራቸውም አልነበረም። ካፋን ባቡሩ ከሠራዊቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው "የያዛት" ማለት ይቻላል።

ሠራዊቱ የመጣው በ1889 ነው፤ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት። ጋኪ ሸሮቾ ወራት የፈጀ ጦርነት አድርገው በ1890 መባቻ ተማረኩ። ከዚያ በኋላ አገራቸውን አላዩም። በግዞት ኖረው በ1911 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ነገሩን የሚያስገርመው፣ ጅቡቲ ላይ የሐዲዱ ግንባታ የተጀመረውም በዚያው በ1890 መጀመሪያ፣ በጥቅምት ወር ገደማ መሆኑ ነው። በአንድ በኩል የመስመሩ መነሻ ይቆፈራል፣ በሌላ በኩል የመድረሻው ንጉሥ ታስረው ይወሰዳሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚያስተምር የታሪክ መጽሐፍ በትምህርት ቤት አልገጠመኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው የባቡሩ ታሪክ ብዙ ስለተጻፈበት አላረዝመውም። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ሐረርን ትቶ ከታች በሜዳው አለፈ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ከተማ ሆነች። (ውሉ ላይ ስሟ የተጻፈው ሐረር ቀርታ ያልተጻፈችው ድሬዳዋ ባቡር አገኘች። ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻውን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ እዩት።) ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ወደቀ፤ በ1900 በአዲስ ውል የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ፤ በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ለገሃር ላይ ቆመ። ሦስተኛው ክፍልም እዚያው ሞተ።

የሞተው ግን በገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ ይህ ነው ብዙ ጊዜ የማይነገረው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል እንግሊዝ ሱዳንንና ኡጋንዳን የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት ላይ የማሳለፍ መብት አገኘች። በታኅሣሥ 1899 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ተስማሙ። የፈረንሳይ ሐዲድ አዲስ አበባ ድረስ ይሂድ፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የእንግሊዝ ይሁን፤ ኢጣሊያ ደግሞ ኤርትራንና ቤናዲርን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚያልፍ መስመር ታገናኝ። ምኒልክ ስምምነቱ ልዑላዊነታቸውን እንደማይነካ አስታውቀዋል። የሆነ ሆኖ ፈረንሳዮቹ ወደ ምዕራብ እንዳይሄዱ ታጠሩ፤ እንግሊዞቹ ደግሞ በጋምቤላ በኩል የባሮ ወንዝ ጀልባ ስለነበራቸው ሐዲድ ለመዘርጋት አልቸኮሉም። ካፋ ለሁለተኛ ጊዜ ሳትጠየቅ ተከፋፈለች፤ በዚህኛው ዙር አዲስ አበባም ጭምር አልተጠየቀችም።

ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደዚህ አቅጣጫ የዘረጉት ሐዲድ ሳይሆን መኪና መንገድ ነው፤ የአዲስ አበባ ጅማ መንገድ። ከዚያ ወዲህ የካፋ ቡና የመኪና ጭነት ሆኖ ቀረ፤ እስከዛሬም በአይሱዙ ነው የሚወጣው።

በፈረንጅ አገር በቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ትንንሽ ባቡር የሚገነቡ ሰዎች አሉ። ቪዲዮአቸውን ካያችሁ ልጅነት የሚመስል ግን ትልቅ ሙያ ነው። በጣም የተለመደው ልኬት 1 ለ87 ነው፤ እውነተኛው 87 ሜትር እነሱ ጋ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሠርተው አይጨርሱም። ከዓመታት በኋላ "ላድስ" ብለው ይነሳሉ፤ ሐዲዱን ይነቅላሉ፣ የተጣመመበት ቦታ በጣም ጠባብ ከሆነና ረጅሙ ሎኮሞቲቭ ከወደቀበት አስፍተው መልሰው ያነጥፋሉ፣ ሽቦውን ይቀይራሉ፣ ተራራውን ቆርጠው ሌላ ቦታ ያቆማሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም በወረቀት ታቅዶ ያልተሠራ መስመር መርጠው "ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ" ብለው ይገነባሉ። የካፋ መስመር ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ነው!

እስቲ እናስላው። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ልኬት 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ቦንጋ በጅማ መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንል 5 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር አካባቢ ነው። የትኛውም ቤዝመንት አይችለውም። ግን የጎጀብን ድልድይ ብቻ ቢሠራት አንድ ክፍል ይበቃዋል።

የቤዝመንቱ ሰውዬ ተራራውን ሲያነሳ ማንንም አይጠይቅም፤ ጠረጴዛው የራሱ ነው፣ ተራራውም ፎምና ጀሶ ነው። የኛን መስመር ያሰመሩት ሁሉ፣ ከ1886 ጀምሮ፣ ካፋን እንደዚያ ጠረጴዛ ነው ያዩዋት።

ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ። የድሮው ሐዲድ እያረጀ ሲሄድ የአውሮፓ ኅብረት በገንዘብ የደገፈው እድሳት ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀረ። የሚታደሰው ነገር ራሱ ችግር ነበረበት። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፣ ኩርባው ጠባብ ነው፣ ጭነቱም ፍጥነቱም በዚያ የተወሰነ ነው። በመጨረሻ የተመረጠው ማደስ ሳይሆን አጠገቡ አዲስ መዘርጋት ሆነ፤ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። በመስከረም 2009 ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ።

በዚያው ጊዜ የምዕራቡ መስመርም ከመቃብር ተነሳ። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባወጣው የአገር አቀፍ ኔትወርክ ዕቅድ ውስጥ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ፣ ጅማ፣ ጉራፈርዳ አድርጎ ዲማ የሚደርስ መስመር ነበር። መዳረሻው ደቡብ ሱዳን ነው። ካርታውን ከ1886ቱ ቃል ጋር አስተያዩት፤ ከእንጦጦ ወደ ካፋ፣ ከካፋ ወደ ነጭ ዓባይ። 115 ዓመት ቆይቶ ያው ሐሳብ ታድሶ መጣ። በኢጃጂ መዞሩ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ካለ፣ በእኔ ግምት የጊቤ ሸለቆን ለመሸሽ ነው። ባቡር በ100 ሜትር ርቀት ከ3 ሜትር በላይ መውጣት ይከብደዋል፤ በመኪና ጊቤን ወርዳችሁ የወጣችሁ ሰዎች ይገባችኋል።

አልተሠራም። የተሠራው የጅቡቲው መስመር በዚህ በኩል የሚያልቀው ሰበታ ነው፤ ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ባቡሩ ለገሃር ከቆመበት ከ1909 እስከ 2009 ባለው መቶ ዓመት ወደ ካፋ የቀረበው 25 ኪሎ ሜትር ነው። በቤዝመንቱ ልኬት 290 ሜትር አይሞላም።

"ይሠራልን" ብለን እንጩህ ወይ? እኔ ባቡር እወዳለሁ፣ የቡና ገበሬውም ርካሽ ማጓጓዣ ይገባዋል። ግን ከ1886 ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ የጫካ ቡናው እናት። ከጎጀብ ወደ ቦንጋ ሽቅብ የሚወጣ ሐዲድ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ መጠማዘዝ አለበት፣ በተጠማዘዘ ቁጥር ዛፍ ይቆርጣል። ከኅዳር 2014 ወዲህ ደግሞ ክልል አለን፣ ቦንጋም መቀመጫ ናት። መስመሩ አራተኛ ጊዜ ሲሰመር እርሳሱ በማን እጅ እንደሚሆን፣ በየትኛው ቀበሌ ሸንተረር በኩል እንደሚያልፍ፣ ደኑን የሚጠብቁት የቡናና የማር ማኅበራት ከመሰመሩ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚጠሩ፣ ይህን አሁን መጠየቅ እንችላለን። ታቶ ጋኪ ያንን ዕድል አላገኙም።

ከዕቅዱ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ባለው ጊዜ፣ በጎጀብ፣ በጊምቦ ወይም በቦንጋ አካባቢ ለባቡር የመጡ ቀያሾች ያየ ሰው ካለ፣ ድንጋይ ተክለው ከሆነም የት እንደሆነ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ታላላቆቻችሁንም ጠይቁልኝ።