አንድ ድንጋይ ሲጎድል፦ የሞጣው ሰባራ ድልድይ

እስቲ ካርታ አውጡና ጣታችሁን ባሕር ዳር ላይ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታም ይበቃል። አባይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ሱዳን ያለው በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ወንዙ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ይሄዳል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ዞሮ ወደ ሱዳን ይገባል። ጣታችሁ አንድ ትልቅ ግማሽ ክብ ሠራ አይደል? በግማሽ ክቡ ውስጥ የታቀፈው አገር ጎጃም ነው።

የጎጃም ታሪክ ግማሹ የዚህ ቅርጽ ታሪክ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከሞጣ ከተማ ወደ አባይ ሲወረድ ስለሚገኘው ሰባራ ድልድይ።

ተራራና ገደል መሐል ያሉ ከተሞች

በምሥራቁ የጎጃም ክፍል የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋን የመሳሰሉ ወንዞች ከእሱ ተነስተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ በየአቅጣጫው ይወርዳሉ፤ መጨረሻቸው አባይ ነው። በተራራውና በአባይ ሸለቆ መሐል ደግሞ እንደ መደርደሪያ የተዘረጋ ለም ደጋ አለ። ቢቸናና ሞጣ የተቀመጡት እዚህ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ከደጀን ተነስቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድም ይህንኑ መደርደሪያ ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ መደርደሪያ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ ግን መሬቱ ያልቃል። ከሞጣ በኩል ማዶው የጎንደር አገር፣ የድሮው በጌምድር ነው። በዓይን ሲታይ ቅርብ ነው። በእግር ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ዳገት መውጣት ይጠይቃል። በበጋ ዋና የሚችል ሰው ወይም በአየር የተነፋ ስልቻ የያዘ ይሻገር ይሆናል። ክረምት ሲገባስ? ዙሩን በባሕር ዳር ማድረግ፣ አለዚያ እስከ መስከረም መጠበቅ። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ሲባል ሰምታችኋል። የሞጣና የማዶው ሰው ችግር የተገላቢጦሽ ነበር፤ ውኃው ሞልቶ፣ ሰው ከሰው ተጠማ።

ኖራው ከየት መጣ?

ድልድይ ለመሥራት ድንጋይ ብቻ አይበቃም፤ ድንጋዩን የሚያያይዝ ነገር ያስፈልጋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ኖራ ለግንባታ መዋል ጀመረ። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ከሕንድ ያመጧቸው ግንበኞች በዚህ ሥራ ላይ እጃቸው ነበረበት። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ የተሠራው በዚያው ጊዜ ነው፤ በአባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እሱ ነው። ሰባራ ድልድይ ሁለተኛው ሲሆን በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ1660 ገደማ ተሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው ሁለቱንም «የፖርቹጋል ድልድይ» ይላቸዋል። ነገር ግን ፋሲለደስ በ1632 እንደነገሡ ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተዋል። ሰባራ ድልድይ የተሠራው ከዚያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ሰዎቹ ሄደዋል፤ ሙያው ግን እዚሁ ቀርቷል ማለት ነው። የጎንደር ግንቦችም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው።

ስለ ድሮ ግንብ ሲወራ «በእንቁላል ነው የተለሰነው» የሚል ወሬ አይጠፋም። እንቁላሉን ለጊዜው እንተወውና ዋናውን ሥራ የሚሠራው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። የቀረው በውኃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮች መሐል ሲገባ ያንኑ ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ እያለ መልሶ ይስባል፤ እንደገናም ድንጋይ ይሆናል። ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ቅስት፦ የሁለት ጓደኛሞች ነገር

አሁን ተነሱና ከጓደኛችሁ ጋር ፊት ለፊት ቁሙ። መዳፍ ለመዳፍ ገጥማችሁ፣ እግራችሁን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋችሁ ተደጋገፉ። ሁለታችሁም ልትወድቁ እያላችሁ አትወድቁም፤ አንዳችሁ የሌላችሁን መውደቅ ይዛችኋል። ቅስት ይኸው ነው። ድንጋይ ሲጎተት በቀላሉ ይበጠሳል፤ ሲጨመቅ ግን እጅግ ጠንካራ ነው። ቅስት ደግሞ ክብደቱን ሁሉ ወደ ጭመቃ ይለውጠዋል።

ሁለት ነገር ተሰምቷችሁ ይሆናል። አንደኛ፣ እግራችሁ ወደ ኋላ መንሸራተት ይፈልጋል። ቅስትም እንዲሁ ዳርና ዳር ያለውን መሠረት ወደ ውጭ ይገፋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ድልድይ አለት ያለበትን ቦታ የሚመርጠው። ሰባራ ድልድይ ያለበት ቦታ አባይ በአለት መሐል የሚጠብበት ነው፤ መሠረቱ ጠንካራ፣ ርቀቱም አጭር። ሁለተኛ፣ አንዳችሁ ድንገት ዘወር ብትሉ ሌላው በፊቱ ይደፋል። በቅስት ውስጥ ትርፍ ድንጋይ የለም። አንዱን ካወጣችሁ ሁሉም ይወርዳል።

ሰባራው

ይህን የሚያውቁት መሐንዲሶች ብቻ አልነበሩም። በ1930ዎቹ ፋሺስት ኢጣሊያ አገር ስትወር የምሥራቅ ጎጃም ገደልና ሸለቆ የአርበኞች ምሽግ ሆነ፤ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ የመራው ትግል የሚታወቅ ነው። ወራሪውን ለማገድ አርበኞች የድልድዩን መሐለኛ ቅስት ሰበሩት። ሙሉውን ማፍረስ አላስፈለጋቸውም፤ ከ270 ዓመት በላይ የቆመው ድልድይ አንድ ቅስቱ ሲወድቅ መሻገሪያ መሆኑ አበቃ። ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ድልድይ ሆነ።

ጠላት ሄደ። ስብራቱ ግን ቀረ። ለአሥርተ ዓመታት ከሁለቱ የተሰበሩ ጫፎች ላይ ወጣቶች ቆመው ሰውን በገመድ ያሻግሩ ነበር። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ ከወዲያ ማዶ ይጎተታል፤ ከሥሩ አባይ ነው። ወደ ገበያ የሚሄድ፣ ወደ ሐኪም የሚወሰድ፣ ዘመድ ለመቅበር የሚጣደፍ ሁሉ በዚያው ገመድ ነው።

በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ይህንን ትዕይንት ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶ አየ። ነገሩ አላስችል ስላለው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ዕቃው በሰው ጉልበትና በአህያ ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ በ2002 የጎደለው ቦታ በብረት መዋቅር ተደፈነ። ሰውም በእግሩ ተሻገረ።

በ2005 ጎርፍ መጣና ብረቱን ወሰደው።

ሦስት ዓመት ምን ያስተምራል?

ይህንን መጀመሪያ ስሰማ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ድንጋዩ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ ብረቱ ግን ሦስት ዓመት ብቻ! «የድሮ ሰው ይሻላል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ድልድዩን አጭር ያደረገው ጠባብ ቦታ በክረምት ጠላቱ ነው። ጮቄም፣ የማዶው ተራራም የለቀቁት ውኃ በዚያች ጠባብ በር ማለፍ አለበት። ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ከፍ ይላል፣ ይፈጥናልም። የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የድንጋይ ግንብ ጎርፍ ሲመጣበት በክብደቱ ይቋቋማል። ቀላል የብረት መዋቅር ግን ያ ክብደት የለውም። ውኃው ከደረሰበት መጠንከሩ ብቻ አያድነውም፤ መጀመሪያውኑ ውኃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት።

ቀጣዩ መፍትሔ የመጣው ከዚህ ነው። በ2009 የተሠራው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ነው። ወንዙ ውስጥ የቆመ ምሰሶ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር በተወጠሩ የብረት ገመዶች ላይ ተንጠልጥሏል። የፋሲለደስ ግንበኞች ድንጋይ ስለነበራቸው ሁሉን ነገር ወደ ጭመቃ ለወጡት። ብረት ደግሞ መጎተትን የሚችል ስለሆነ የዛሬዎቹ ሁሉን ነገር ወደ ጉተታ ለወጡት። ቅስቱን ብትገለብጡት የተንጠለጠለውን ገመድ ቅርጽ ይሰጣችኋል። ሒሳቡ አንድ ነው፤ ምልክቱ ብቻ ተቀየረ።

አባይ ዛሬ ትልልቅ ድልድዮች አሉት። በ2008 ደጀን በረሃ ላይ በጃፓን እርዳታ አንዱ ተመርቋል፣ በ2024 ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ሌላው። በእነሱ ላይ መኪና ያልፋል፣ ፎቶም ይነሳባቸዋል። የሞጣው ግን የእግረኛ ነው፤ ጭኖ የሚሻገር ገበሬና ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ድልድይ ነው። ከእናንተ መሐል ነገ ምህንድስና የሚያጠና ካለ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ያህል ጭነት ይችላል?» ብቻ አይሁን። ማን ነው የሚሻገርበት? ክረምት ሲገባስ ውኃው እስከ የት ነው የሚወጣው? ለሁለተኛው ጥያቄ ከወንዙ ዳር ያደጉ ሽማግሌዎች በጣታቸው አለቱ ላይ ያሳዩታል። ቀድሞ መጠየቅ ነው።