ክላይን-ሌቪን ሲንድረም

ክላይን-ሌቪን ሲንድረም እየተመላለሰ የሚመጣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ዋና ምልክቱ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምር ሕመም ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1925 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት የሕሙማንን ታሪክ ከጻፈው ከቪሊ ክላይንና በ1936 ጉዳዩን ካሰፋው ከማክስ ሌቪን ነው። እጅግ ብርቅ ነው፤ ወንዶች ይበዙበታል።

ሲነሳበት ወጣቱ በቀን ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። የሚነሳው ለሽንት ወይም ለምግብ ነው፤ ሲበላ፣ በተለይ ጣፋጭ ካገኘ፣ ጥጋብ አያውቅም። ሲያናግሩት በአንድ ቃል መልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዙሪያው ሁሉ ሕልም ሕልም ይለዋል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይለቀውና ወደ ትምህርቱ፣ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል፤ ወራት ቆይቶ ግን እንደገና ይጥለዋል።

ከድብርት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ድብርት የያዛቸው ብዙ ወጣቶችም እንቅልፍ ያበዛሉ፤ የእነሱ ሐዘንና ተስፋ ማጣት ግን ሲነቁም አይለቃቸውም። ሁለቱን ለመለየት ልጁ የተኛበትንና የነቃበትን ቀን ቤተሰብ በደብተር መያዙ ሐኪሙን በእጅጉ ያግዛል። የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ የደም ማነስና የመድኃኒት ተጽዕኖም መመርመር አለባቸው። «ስንፍና ነው» የሚለው ፍርድ የታመመን ልጅ መበደል ነው። ራሱን ስለ ማጥፋት ካነሳ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

መንስኤው አልታወቀም። ሊቲየም በአንዳንዶቹ ላይ ድግግሞሹን ይቀንሳል፤ በብዙዎቹ ደግሞ ሕመሙ በዓመታት ውስጥ እየሳሳ ይጠፋል።