ቅኔ ሲመዘን

ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ የጎጃም ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤዎች ናቸው። እዚያ ተማሪ የሚመዘነው የሌላውን ድርሰት በመሸምደድ ሳይሆን የራሱን በመፍጠር ነው። ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ጀማሪው ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና፣ የበሰለው ባለስምንት ቤቱን መወድስ።

ከዚያ ነገራው ይመጣል። ተማሪው ቅኔውን በቃሉ ያቀርባል፤ መምህሩም ቤት ያልመታውን፣ አገባቡ የተፋለሰውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልገጠመውን እዚያው ያርመዋል። አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ለነገ ሌላ መቁጠር ግድ ነው።

ይህን ያህል ጥብቅ ምዘና መዝገብ አለመያዙ ያስቆጫል። ስንት ድንቅ ቅኔ ከአፍ እንደወጣ ቀርቷል!

የጉባኤውን ኑሮ ግን የአካባቢው ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ አቆይተውልናል፤ ራሳቸው ቅኔ የተማሩት ደራሲ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የቅኔ ተማሪውን በዛብህን ባለታሪክ አድርገዋል።