ብልቃጡን ማን ይያዘው?

አሜሪካ ውስጥ ሜታዶን የሚባለው መድኃኒት ሁለት በር አለው። ወገብዎን አሞዎት ወይም የካንሰር ሕመም ጠንቶብዎት ሐኪም ካዘዘልዎ፣ ከሰፈርዎ ፋርማሲ የወሩን ክኒን በከረጢት ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከሄሮይን ሱስ ለመዳን የሚወስዱት ከሆነ ግን ያው መድኃኒት በፋርማሲ አይሰጥዎትም። ልዩ ፈቃድ ወዳለው ክሊኒክ በማለዳ ሄደው ይሰለፋሉ፤ ነርሷ ከመስኮቱ ጀርባ የቀዳችልዎትን ፊቷ ይጠጣሉ፤ አፍዎ ውስጥ አለማስቀረትዎን ለማወቅም አንድ ሁለት ቃል ታናግርዎታለች። ነገም እንዲሁ ነው። ከነገ ወዲያም። ታካሚዎቹ ለዚህ ነገር ያወጡለት ስም «ፈሳሽ ካቴና» ነው።

ካቴናው ከየት መጣ? የዛሬው ጨዋታችን እሱ ነው። የምናምንበትን ቀድመን እንናገር፦ በየቀኑ መመላለስን ያዘዘው በ1972 የነበረ ድንጋጤ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ድንጋጤው መሠረት አልነበረውም አንልም። ነገር ግን ለ48 ዓመት ማንም በአገር ደረጃ ሳይፈትነው ኖረ፤ የፈተነውም ሐኪም ሳይሆን ወረርሽኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ ትንሽ እንበል። ሜታዶን ራሱ የእነ ሞርፊንና የሄሮይን ወገን ነው። ልዩነቱ ሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሄሮይን በጥቂት ሰዓት ስለሚከዳ ሱሰኛው በቀን ሦስት አራት ጊዜ መርፌ ፍለጋ ይሮጣል፤ ሜታዶን ግን አንዴ ከተጠጣ ቀኑንና ሌሊቱን ይዞ ያውላል። መጠኑ በትክክል የተስተካከለለት ሰው አይሰክርም፣ አያንቀጠቅጠውም፤ ሥራ ውሎ ቤቱ ይገባል። አደጋውም ከዚሁ ረጅም ቆይታው ጋር ይያያዛል። ሰውነቱ ያልለመደ ሰው፣ በተለይ ሕፃን ልጅ፣ የአንድ ታካሚ የቀን ድርሻ ቢጠጣ ሊሞት ይችላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልን፤ የታሪኩ ጠብ ሁሉ ከእሷ ይነሣል።

መድኃኒቱን የሠሩት ጀርመኖች ናቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ በኢ.ጌ. ፋርበን ኩባንያ የሆኽስት ፋብሪካ ውስጥ ማክስ ቦክሙልና ጉስታፍ ኤርሃርት የተባሉ ኬሚስቶች አወጡት። ጦርነቱ ሲያልቅ ቀመሩ በአሸናፊዎቹ እጅ ገባ፤ በ1947 ኢላይ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዶሎፊን» ብሎ ገበያ ላይ አዋለው። (ስሙ ከአዶልፍ ሂትለር የመጣ ነው የሚል ወሬ ዛሬም ይዞራል። ስሙን ያወጣው አሜሪካዊው ኩባንያ መሆኑን ስታውቁ ወሬው እዚያው ይሞታል።)

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ሱሰኛን የምታክመው በፖሊስ ነበር ብንል አልተጋነነም። የ1914ቱ የሃሪሰን ሕግ የኦፒየምንና የኮኬይንን ንግድ መዝገብ ውስጥ አስገባ፤ በ1919 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሱሰኛ ሱሱን ለማስታገስ ብቻ ሞርፊን መጻፍ ሕክምና አይደለም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የደፈረ ሐኪም እስር ቤት ይጠብቀው ጀመር። የፌዴራሉ መንግሥት በ1935 ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን ላይ ግማሹ ሆስፒታል፣ ግማሹ ወኅኒ የሆነ ተቋም ከፈተ። ከዚያ ወጥተው ወደ ዕፁ የተመለሱት ብዙ ናቸው። እዚያ ከሠሩት ሐኪሞች አንዷ ማሪ ናይስዋንደር ነበረች፤ ያየችው አንገሽግሿት በ1956 ሱሰኛው በሽተኛ ነው የሚል መጽሐፍ ጻፈች።

ናይስዋንደር በ1964 ኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ውስጥ ከቪንሰንት ዶል ጋር ሥራ ጀመረች። ሦስተኛዋ ወጣቷ ሐኪም ሜሪ ጂን ክሪክ ነበረች። ለታካሚዎቻቸው መጀመሪያ ሞርፊን ሞከሩ፤ ታካሚዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚቀጥለውን መርፌ ሲጠብቁ ይውላሉ። ወደ ሜታዶን ሲያዛውሯቸው ግን ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ማውራት ጀመሩ። በ1965 የ22 ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ። መድኃኒቱ በፍራፍሬ ጭማቂ ተበጥብጦ ነበር የሚሰጠው፤ በመርፌ እንዳይወጋ ነው ብልሃቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን፦ ከእነዚያ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ለአንዳንዶቹ ለቅዳሜና እሑድ ወይም ለአጭር ጉዞ የሚሆን መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱ ይሰጣቸው ነበር። ሕክምናውን የፈለሰፉት ሰዎች ብልቃጡን በታካሚው እጅ ማስያዝ የሕክምናው አካል ነው ብለው ያምኑ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ቬትናም ተፈጠረች፤ ኒክሰን ተፈጠረ። ወታደሮች ሄሮይን ለምደው ሊመለሱ ነው የሚል ወሬ ዋሽንግተንን ናጣት። ዋና ከተማዋ ራሷ በ1970 በሮበርት ዱፖንት የሚመራ ትልቅ የሜታዶን ፕሮግራም ጀምራ ነበር፤ በ1971 ደግሞ ኒክሰን ጀሮም ጃፊ የተባለውን የሥነ አእምሮ ሐኪም ዋይት ሐውስ አምጥቶ ሕክምናውን በአገር ደረጃ አስፋፋው። ክሊኒኮች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። አንዳንዶቹ ገንዘብ ተቀብለው ብልቃጥ ከማደል በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም፤ ሜታዶንም ጎዳና ላይ መቸርቸር ጀመረ። ቤት ውስጥ ያገኙትን ጠጥተው የሞቱ ልጆች ነበሩ።

መንግሥት በታኅሣሥ 1972 ደንብ አወጣ። ሜታዶን ለሱስ የሚሰጠው ፈቃድ ባላቸው ክሊኒኮች ብቻ ሆነ፤ አዲስ ታካሚ ለ3 ወር ያህል በየቀኑ ይመጣል፤ ከዚያ በሳምንት 3 ቀን፤ 2 ዓመት ከቆየ በሳምንት 2 ቀን። በ1974 የወጣው ሕግ ደግሞ የፀረ ዕፅ ፖሊሱን የክሊኒኮቹ ሁለተኛ አለቃ አደረገው። በ1976 ዶልና ናይስዋንደር የ10 ዓመቱን ጉዞ ሲገመግሙ ደንቡ ሕክምናውን እያፈነው ነው ብለው በምሬት ጻፉ። የሰማቸው የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚያው ደንብ ማጠጋገን ነው። በሳምንት 3 ቀን ብቻ የሚወሰድ ላም የተባለ መድኃኒት በ1993 ተፈቀደ፤ ልብ ያዛባል ተብሎ በአሥር ዓመቱ ገደማ ከገበያ ወጣ። በ2001 ደንቡ ተከልሶ መሰላል ተሠራለት፦ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት በሳምንት 1 ዶዝ ወደ ቤት፣ በሁለተኛዎቹ 90 ቀናት 2፣ በሦስተኛዎቹ 3፣ እያለ ሄዶ የ1 ወር ድርሻ የሚፈቀደው 2 ዓመት ለሞላው ነው። መሰላሉን ለመውጣት ታካሚው 8 መስፈርት ያሟላል። አንደኛው የተረጋጋ ቤትና ማኅበራዊ ኑሮ ነው። በየማለዳው ክሊኒክ የሚሰለፍ ሰው የቀን ሥራውን በምን ሰዓት ሄዶ ጀምሮ ቤቱን እንደሚያረጋጋ ግን የጻፈ የለም። ዶሮ ወይስ እንቁላል ነው።

የሚገርመው፣ ሌላ መንገድ እንዳለ ማስረጃው ያኔም ነበር። ከ1983 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ለዓመታት የተረጋጉ ታካሚዎች ከክሊኒኩ ወጥተው በተራ ሐኪም ቢሮ በወር አንድ ጊዜ እየታዩ የወሩን መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱ ተሞከረ። ብዙዎቹ በሰላም ቀጠሉ። ውጤቱ ታተመ፤ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ከ1999 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ደግሞ በሜታዶን የሞተው ሰው ከ800 ገደማ ወደ 5 ሺህ 400 ገደማ አሻቀበ። ጣት የተቀሰረው ወደ ክሊኒኮቹ ነበር። ሲጣራ ግን አብዛኛው መድኃኒት የወጣው ከዚያ ከመጀመሪያው በር ነው፤ ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ ከፋርማሲ በክኒን ከሚታደለው። ክፍት የተተወው በር ገደለ፤ የተወቀሰው ግን የተቆለፈው በር ነበር።

ለፍርድ እንዳንቸኩል እንግሊዝን እንይ። እዚያ ታካሚው ሜታዶኑን የሚወስደው ከሰፈሩ ፋርማሲ ነው። ቀድሞ ያለ ተመልካች ብዙ ይሰጥ ነበር፤ ሞት ሲበዛ በ1999 የወጣው መመሪያ አዲስ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፋርማሲስቱ ፊት እንዲጠጣ መከረ። ከተሰጠው መድኃኒት መጠን አንጻር ሲሰላ በ1993 እና በ2008 መካከል ሞቱ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ስለዚህ መቆጣጠር ከንቱ ነው የሚል ካለ አንስማማም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ አደገኛ ናቸው። የእኛ ጥያቄ ለማን፣ እስከ መቼ፣ የሚለው ነው።

ምክንያቱም በሌላው የሚዛን ሳህን ላይም ሬሳ አለ። በ2017 ብዙ ጥናቶችን አጣምሮ የታተመ ግምገማ እንዳሳየው፣ በሜታዶን ሕክምና ላይ ካሉ 1,000 ሰዎች በዓመት 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ ሕክምናውን ካቋረጡት ግን 36 ያህሉ ይሞታሉ። አውቶቡስ ያመለጠው፣ አለቃው «ዛሬም አረፈድክ» ያለው፣ ልጇን የምታስይዘው ያጣች እናት፣ እነዚህ ናቸው የሚያቋርጡት። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ኦፒዮይድ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል፤ አብዛኛው በፌንታኒል።

መጋቢት 2020 ላይ ኮቪድ መጣ። በየማለዳው ሰው ማሰለፍ ራሱ አደጋ ሆነ። መጋቢት 16 ቀን መንግሥት ለክሊኒኮች ጻፈ፦ ለተረጋጋ ታካሚ እስከ 28 ቀን፣ ያን ያህል ላልተረጋጋ እስከ 14 ቀን ይዞ ይሂድ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የተፈራው ነገር በአንድ ደብዳቤ ተፈቀደ። ጎርፉን ሁሉም ጠበቀ፤ ጎርፉ አልመጣም። በመጀመሪያው ወር በሜታዶን የሞቱት ቁጥር ጨምሮ ነበር፤ በዚያው ወር ግን በሌሎቹ ዕፆችም ጨምሯል። ከዚያ ወዲያ ባለው ጊዜ፣ ከጠቅላላው የዕፅ ሞት ውስጥ ሜታዶን ያለበት ድርሻ በ2019 መጀመሪያ ከነበረው 4.5 በመቶ በነሐሴ 2021 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ።

የእኛ አገር አንባቢ ይህ ክርክር ባዕድ አይሆንበትም። ኢትዮጵያ ከ2017 ጀምሮ ለተረጋጉ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት ባንዴ መስጠት ጀምራለች፤ መመላለሱ ራሱ ሰው ከሕክምና ያስቀራል ተብሎ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ክኒን ጎረቤትን እንደማያሰክር እናውቃለን፤ ስለ መንገዱ ድካም የሚባለው ግን አንድ ነው።

የኮቪዱ ፈቃድ በ2024 ቋሚ ደንብ ሆነ። አሁን ታካሚው በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት እስከ 7 ቀን፣ ከ15ኛው ቀን በኋላ እስከ 14፣ ከ31ኛው ቀን በኋላ እስከ 28 ቀን የሚሆን መድኃኒት ይዞ መሄድ ይችላል። የተረጋጋ ቤት የሚለው መስፈርትም ወጣ፤ የሚጠየቀው መድኃኒቱን በደህና ማጓጓዝና ማስቀመጥ መቻሉ ነው።

«ይችላል» የምትለዋን ቃል ግን አጥብቃችሁ ያዟት። ደንቡ ለክሊኒኩ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም። ክፍለ ግዛቶች ከዚህ የጠበቀ ሕግ ማውጣት ይችላሉ። ገንዘቡም አለ፤ ታካሚው በመጣ ቁጥር የሚከፈለው ክሊኒክ፣ በወር አንድ ጊዜ ና ለማለት እጁ ቢዘገይ አይደንቀንም። የለመደ ልማድም አለ። ይህን ማቃናት የሕዋ ሳይንስ አይጠይቅም። ክሊኒኩ ለታካሚው ቁልፍ ያለው ሣጥን መስጠት ይችላል፤ ከብልቃጡ ጋር ናሎክሶን ማስያዝ ይችላል፤ ከተጠራጠረ ደውሎ «የቀሩህን ብልቃጦች ይዘህ ና፣ እንቁጠራቸው» ማለት ይችላል። መድኃኒቱ ቶሎ የሚያልቅባትን ነፍሰ ጡር ድርሻዋን ለጠዋትና ለማታ ከፍሎ ሊሰጣትም ይገባል፤ የማታውን ቤቷ ካልወሰደች ደግሞ ይህ አይሆንም።

በ2023 የሁለቱም ፓርቲ አባላት አንድ ረቂቅ ሕግ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀረቡ፦ በሱስ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ሜታዶን ጽፎ፣ ታካሚው ከፋርማሲ እንዲወስድ። ክሊኒኮቹ የተሰባሰቡበት ማኅበር አጥብቆ ተቃወመ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን የምክር ቤቱ ዘመን በ2025 መጀመሪያ አለቀ።