የቦታ ክፍፍል ታሪክ፤ ከርስት ገመድ እስከ ከተማ ሜትር

ሰው ይወለዳል፤ ይበዛልም። ምድር ግን አትወለድም፤ አትጨምርምም። ስለዚህ «ያለችውን ቦታ እንዴት ተካፍለን እንኑርባት?» የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ለሕግ አውጪውም ለአባወራውም ሲቀርብ ኖሯል። እኛም በዚህ ጽሑፋችን ይህንኑ ነገር ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በተለይም ከቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከመካነ ሰላም አንጻር ልንመለከተው አስበናል።

መካነ ሰላም ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ መንገደኛ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከመግባቱ በፊት የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። የዚህ ደጋ ነባር ኑሮ ሰፊ ግቢ የለመደ ነው። ከፊት ለፊት ደጅ፣ ከኋላ ጌሾና ጎመን የሚበቅልበት ጓሮ፣ ከጎን የከብት በረት ነበረው። ገጠሬው ወደ ከተማ ሲገባም ይህንኑ ልማድ ይዞ ገባ።

መካፈል ግን ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በርስት ሥርዓት ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በገመድ ይለካሉ፤ በዕጣ ያካፍላሉ። ሆኖም እርሻው በየትውልዱ ሲሸነሸን የከብቱ ግጦሽና የውሃው ምንጭ የጋራ ሆነው ይቀሩ ነበር። ከዚህ የምንረዳው አባቶቻችን የሚከፈለውንና የማይከፈለውን ለይተው ያውቁ እንደ ነበረ ነው።

የከተማ ቦታ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው፤ ጭፍራቸውንም በዙሪያቸው አሰፈሩ። እስከ ዛሬ ድረስ በሹማምንት ስም የሚጠሩት ሰፈሮች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ቤት በቤት ላይ እየተደገፈ ሲሠራ የመንገድንና የፍሳሽን ነገር አስቀድሞ ያሰበበት አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሾች የውርስ ንብረት እንዲካፈሉ ደንብ ሠራ፤ ይልቁንም የአንድ ሕንፃ ልዩ ልዩ ፎቆች የልዩ ልዩ ሰዎች ሀብት ሊሆኑ እንደሚችሉ ደነገገ።

ከዚያም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። በአዋጁም አንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የሰፋፊ ቦታ ጌትነት አበቃ፤ ቤት ያልነበረው ብዙ ተከራይም ትንፋሽ አገኘ። ነገር ግን ቦታን መሸጥና መለወጥ ስለ ተከለከለ፣ ልጆች አድገው ጎጆ ሲወጡ በወላጆቻቸው ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ መጠጋት የብዙዎች ዕድል ሆነ። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተከታታይ አዋጆች ወጡ፤ የመኖሪያ ቦታም የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሆነ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅም በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ የኮንዶሚኒየም ቤት በር ከፈተ።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 20 ሜትር በ25 ሜትር የሆነ የ500 ካሬ ሜትር ግቢ ለአራት ልጆች ይከፈል ብንል፣ አስቀድሞ በ25 ሜትሩ ርዝመት 3 ሜትር ስፋት ያለው የጋራ መተላለፊያ መውጣት አለበት፤ ይኸውም 75 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ከቀረው 425 ለእያንዳንዱ 106 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። በዚህ ላይ ደኅና ቤት ይሠራል። እነዚህ አራቱ ደግሞ አራት አራት ልጆች ወልደው እንደገና ይካፈሉ ቢባል፣ ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ የሚደርሰው 26 ካሬ ሜትር ከግማሽ ነው። ያን ጊዜ መሬቱን መክፈል ይበቃል፤ ወደ ላይ መሥራት ግድ ይሆናል።

«ክፍፍል ጉስቁልና ያመጣል፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሰፈሩ ሁሉ ይነዳል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መከልከል ክፍፍሉን አያስቀረውም፤ ይሰውረዋል እንጂ። በፕላን ያልተከፈለ ግቢ በድብቅ ይከፈላል። ያን ጊዜ መተላለፊያ የለም፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከጎረቤት ግድግዳ ሥር ይቆፈራል፤ ሬሳ የሚወጣበት በር እንኳ ይጠፋል። ወረቀት የሌለው ታናሽ ወንድምም ከታላቁ ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጓተት ዕድሜው ያልቃል።

ሌላም ዋጋ አለ። ከተማ በውስጧ ያለውን ቦታ በሚገባ ካልተጠቀመች ወደ ውጭ ትዘረጋለች፤ ስትዘረጋም የምትውጠው የገበሬውን እርሻ ነው። ለአንድ ቤተ ሰብ የተሰጠ ሰፊ ግቢ ለሌላው ቤተ ሰብ የተነጠቀ የገብስ ማሳ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባናል። ዓባይ በቆረጠው ገደል ጫፍ ላይ ለተቀመጠ ደጋ የሚታረስ መሬት እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ መክፈል ይፈቀድ፤ ነገር ግን አስቀድሞ መንገዱ፣ የውሃው መውረጃና የመጸዳጃው ስፍራ ይለካ፤ የተከፈለውም ሁሉ በመዝገብ ይግባ፤ ከዝቅተኛው መጠን በታች ሲደርስ ወራሾቹ ተባብረው ፎቅ እንዲሠሩ መንገድ ይከፈትላቸው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ያሰበውን ነገር ትንሽ ከተማ ልትፈራው አይገባም። አባቶቻችን ምንጩን ለጋራ ትተው እርሻውን እንደ ተካፈሉ፣ እኛም መተላለፊያውን ለጋራ ትተን ግቢውን ብንካፈል ከሥርዓታቸው አልራቅንም። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው፤ በጎረቤቶች መካከል ደግሞ ሰላም የሚጸናው ወሰን ሲታወቅና መውጫ በር ሲኖር ነው።