የስልክ ማዞሪያ ታሪክ፤ ከስትሮውጀር እስከ ብሌድ ሰርቨር

ስልክ አንሥተን ሐኪም ስንጠራ ድምፃችን በየት በኩል እንደሚያልፍ አናስብም። እኛም ተማሪዎቹ የስልክ ማዞሪያን ታሪክ እስክንመረምር ድረስ አላሰብንም ነበር። ስንመረምረው ግን የዕቃው መልክ ቢለዋወጥም አንድ ጥያቄ ሳይለወጥ መቆየቱን ተረዳን፤ ይኸውም «አንዱ ክፍል ቢበላሽ የሚነጋገሩት ሰዎች ምን ይሆናሉ?» የሚለው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1876 ግራሃም ቤል ለስልክ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ መስመሮችን በእጅ የሚያገናኙት ቴሌፎኒስቶች ነበሩ። በአሜሪካ፥ በካንሳስ ሲቲ ከተማ፥ የቀብር ሥራ ይሠራ የነበረው አልሞን ስትሮውጀር፥ እንደሚነገረው፥ ቴሌፎኒስቷ ደንበኞቹን ወደ ተወዳዳሪው ታዞርብኛለች ብሎ ስለ ተቈጣ በራሱ የሚሠራ ማዞሪያ ፈጠረ። በ1891 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በ1892ም ማዞሪያው በኢንዲያና፥ በላ ፖርት ከተማ ሥራ ጀመረ።

በ1965 ደግሞ በኒው ጀርሲ፥ በሱካሱና፥ በኤሌክትሮኒክ አንጎል የሚታዘዝ ማዞሪያ ተተከለ። መሐንዲሶቹ በ40 ዓመት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆም ስላቀዱ፥ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲተካው አንጎሉን ሁለት አደረጉት።

ይኸው አሳብ በብሌድ ሰርቨርም ይታያል። ብሌድ ማለት በብረት ሣጥን ውስጥ እንደ መጽሐፍ ጐን ለጐን የሚቆም ስስ የኮምፒውተር ካርድ ነው። በ2002 መጨረሻ አድቫንስድ ቲሲኤ የተባለው የቴሌኮም ደንብ ሲጸድቅ፥ የ19 ኢንች ሣጥን 14 ካርድ ይይዝ ነበር፤ ለአንዱ ካርድ 200 ዋት ቢመደብ ጠቅላላው 2,800 ዋት ይሆናል። ኤሌክትሪኩም ከጥንቱ ማዞሪያ ባትሪ የተወረሰው 48 ቮልት ሲሆን፥ በሁለት መስመር ይገባል።

አሁን ዕቅድ እናውጣ። ሁለት ካርዶች መረጃ ያከፋፍላሉ፤ ሁለቱ ይቈጣጠራሉ፤ ዐሥሩ ለድምፅ ይቀራሉ። የእነዚህ ሥራ በመደበኛ ስልክ በሴኮንድ 64,000 ቢት የሚፈጀውን ድምፅ፥ 12,200 ቢት ወደሚበቃው የሞባይል ድምፅ መለወጥ ነው። ዐሥሩንም ብንሞላቸው፥ አንዱ ሲበላሽ የያዛቸው ጥሪዎች መጠጊያ ያጣሉ፤ ስለዚህ ዘጠኙን አሠርተን አንዱን በተጠባባቂነት እናቆያለን። ባዶ የቀረ ቦታ ቢኖርም በክዳን መዘጋት አለበት፤ አለዚያ የማቀዝቀዣው ነፋስ በዚያ ሾልኮ ካርዶቹ ይግላሉ።

ዛሬ ይህ ሥራ ወደ ተራ ሰርቨሮች እየዞረ ነው፤ ጥያቄው ግን አልተሻረም። ሥራ ፈት የመሰለው ዐሥረኛው ካርድ፥ በጭንቅ ሰዓት የአንዲት እናት ጥሪ ከሐኪሙ እንዲደርስ ያደርጋል። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት እንዲህ ላለው ነውና፥ ነገ መሐንዲስ ለመሆን የምትመኙ ታናናሾቻችን ሆይ፥ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ብልሽቱን አስቡ እንላለን።